የደጃፋችን ድንጋይ ሌላኛው ፊት

ለውድ ወንድሜ ለሱባራዩዱ፣

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ፦ ቤቱ አልፈረሰም። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው በቦታው ነው፤ እማዬም በውስጡ እንደ ልማዷ ሰው ስታዝ ትውላለች። የጎደለው የፊት በሩና ከበሩ ሥር ተነጥፎ የነበረው ድንጋይ ብቻ ነው። ደብዳቤው የረዘመው በዚያ ድንጋይ ምክንያት ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለመሆኑ እዚያ ኩዌት እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ የጉልበት ሕመም ዘንድሮ ራራልህ ወይስ እንዳምናው አስነክሶሃል? ሃይማቫቲ ሳሉ ለቀቃት? ስራቫንቲ ቁመቷ እናቷን አለፈ ብለኸኝ ነበር፤ አሁንም እያደገች ነው? ሙራሊስ የክፍልፋይ ሒሳብ ገባው? ካልገባው አንድ የሮቲ ቂጣ በልቶ ሳይጨርስ እየቆረሰ ይማር፤ እዚህ ስንት ደደብ የተባለ ልጅ በዚያ መንገድ አስተካክያለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ዓይኗ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ አፏ እንደ ጥንቱ ነው። በርበሬው ዘንድሮ አምሯል። ከመንገዱ እስከ ወንዙ ዳር ተሰጥቶ ሜዳው ሁሉ ቀልቷል፤ መንደሩ በሙሉ ሲያስነጥስ ይውላል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «በሳንክራንቲ በዓል ማፍረሱን ጀምሪ፤ ዝናብ ሳይመጣ የአዲሱ ቤት መሠረት ይውጣ» ብለኸኝ ነበር። እኔ እንደምታውቀኝ ሥራን ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ የቤት መጀመሪያ ደግሞ በር ነው። የበሩን መቃን ምስጥ ጨርሶታል። የበዓሉ መጀመሪያ በሆነው በቦጊ ንጋት አሮጌ እንጨት ሁሉ ይቃጠል የለ? ለእሳቱ ይሆናል ብዬ በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ግንበኛውን ማስታንን አስጠራሁት። ያ አብራችሁ ወንዝ ስትዋኙ ያደጋችሁት፣ ከመንደራችን ጥንታዊ ጉብታ ድንጋይ እያወጡ ኖራ ያቃጥሉ የነበሩት ሰዎች የልጅ ልጅ ነው። አሁን በአካባቢው ከእሱ የሚሻል ድንጋይ ጠራቢ የለም።

ማስታን መቃኑን ነቀለ። ቀጥሎ ከደፉ ሥር ወዳለው ድንጋይ ሄደ። ታስታውሰዋለህ፤ እማዬ በየዓርቡ እርድ የምትቀባውና በቀይ ነጠብጣብ የምታስጌጠው፣ አንተ በረገጥከው ቁጥር ጆሮህን የተቆነጠጥክበት። ድጅኖውን አስገብቶ ከረዳቱ ጋር አንድ ጎኑን ቀና ሲያደርገው ጎንበስ ብሎ ወደ ሥሩ አየ። ከዚያ ጮኸ፦ «እትዬ ናጋረትናም! ኧረ ይምጡ፣ ከታች ሰዎች አሉ!» እኔ ረዳቱን ድንጋይ ተጫነው ብዬ እጄ በሩዝ ዱቄት እንደተለወሰ ሮጬ ወጣሁ። «የምን ሰዎች?» ስለው «ተንበርክከው የሚጸልዩ ናቸው፤ እኛን ከቁም ነገር የቆጠሩንም አይመስለኝ» አለኝ።

ድንጋዩን ገልብጠን በውኃና በኮኮናት ገለባ በቀስታ አጠብነው። አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት ሳንቲም ርዝመት፣ ሰባ ስምንት ሳንቲም ወርድ አለው፤ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፤ ንድፉን በሁለተኛው ወረቀት ላይ አድርጌልሃለሁ። ከላይ የራቪ ዛፍ ተቀርጿል፤ ቅጠሎቹ እንደ ልብ ሆነው ጫፋቸው እንደ ጭራ የሾለ ነው። ከዛፉ ሥር ትራስ ያለበት ሰፊ መቀመጫ አለ። በመቀመጫው ላይ ማንም የለም። ከመቀመጫው በታች በእግር ማሳረፊያው ላይ ሁለት የእግር አሻራዎች ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ በያንዳንዳቸው መካከል መንኰራኩር አለ። በግራና በቀኝ ሴቶች እጃቸውን አጋጥመው ተንበርክከዋል፤ አንዷ ግንባሯን መሬት አድርሳለች። ከዳር በኩል ደግሞ አንድ ፈረስ ከግቢ በር ይወጣል። ሰው ከፈረሱ ጎን ጃንጥላ ዘርግቶ ይዟል። ኮርቻው ግን ባዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ በሙሉ ግቢያችን ገባ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ስህተቴን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔው ስማው። አምስተኛ ክፍል ስናስተምር በመጽሐፉ ላይ ያለው ቡድሃ ፀጉሩ የተጠቀለለ፣ ዓይኑ የተከደነ፣ ጆሮው ረጅም ነው። ጉብታው ከጥንት ጀምሮ የቡድሃ ቦታ እንደሆነ አውቃለሁና ያንን ፊት በድንጋዩ ላይ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እናም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይህ ሥራ ያልተጠናቀቀ ነው፤ ጠራቢው ዋናውን ሰው ሁለት ቦታ ላይ ሳይቀርጽ ትቶታል፤ ስለዚህ ነው የተጣለው» አልኩ። ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኳቸው ሰዎች ናቸውና ምን ይበሉ።

ያልነቀነቁት የቀድሞው የመንደሩ ሹም ጋሽ ኮታያ ብቻ ናቸው። በምርኩዛቸው ከመቀመጫው በታች ያሉትን አሻራዎች እየጠቆሙ «ምን ያልተጠናቀቀ ነው? ይኼማ የራማ ጫማ ነው! ራማ ወደ ጫካ ሲሰደድ ወንድሙ ጫማውን ዙፋን ላይ አስቀምጦ በስሙ ሲገዛ አልነበረም? ልጅ እንኳ የሚያውቀውን!» አሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው፤ አሥር ናቸው። «ጋሽ ኮታያ፣ ጣት ያለው ጫማ የት አይተዋል?» አልኳቸው። «አንቺ ጡረታ ከወጣሽም በኋላ ታርሚያለሽ?» ብለው ተቆጡ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አበባ አምጥተው ጫማ ነው ባሉት ላይ አስቀመጡበት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ማስታን ዕቃውን እየሰበሰበ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። በመዳፉ ባዶውን መቀመጫ ዳበሰውና «እትዬ፣ አይቆጡኝ እንጂ ይኼ ያልተጠናቀቀ ሥራ አይደለም። ያልተጠናቀቀ ድንጋይ የመሮ ጥርስ ይታይበታል። እስቲ እዚህ ይንኩት። የሴቶቹ ፊት እንኳ እንዲህ አልለሰለሰም። ትራሱ ላይ የሰው ክብደት ያረፈበት ስርጉድ አለ። ይኼ ሰውዬ ብዙ ጊዜ የፈጀው ባዶው ላይ ነው» አለኝ። ነካሁት። እውነቱን ነው፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። ከዚያ ሳቅ ብሎ «ደግነቱ አያታችሁ ቀድመው አገኙት። የእኔ አያት ቢያገኙት ኖሮ ዛሬ ግድግዳችሁ ላይ ኖራ በሆነ ነበር» አለ።

እማዬ ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋለች፤ ምክንያቷም «ነገ ዓርብ ነው፤ እርዱን የት ልቀባ ነው?» የሚል ነው። ስለ ድንጋዩም «ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ሳሸው ኖሬ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየኝም፤ ምን ዓይነት ኩራት ነው!» ስትል ነበር። አሁን ግን ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ ልጅ፣ በክሪሽና ልደት ቀን በሩዝ ዱቄት ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ ምንድን ነው የምትስዪው?» አለችኝ። «የክሪሽናን ትንንሽ እግሮች» አልኳት። «ሌላውስ አካሉ?» «አይሳልማ፤ እግሩ ከተሳለ ገባ ማለት ነው።» «ታዲያ ሃምሳ ዓመት ስትስዪው አንድ ሰው መጥቶ ያልተጠናቀቀ ነው ብሎሽ ያውቃል?»

ሱባራዩዱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እኮ ይህን ያደርጋል። ቤታችን ውስጥ በየዓመቱ ጎንበስ ብዬ በገዛ እጄ የምሠራውን ነገር ድንጋይ ላይ ሲሆን አላወቅሁትም። መጽሐፍ ላይ ያለውን ስፈልግ ደጄ ላይ ያለውን አለፍኩት። ማስታን ጭንቅላቱን አዙሮ ይስቃል፤ እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ውኃ እንድሰጣት አዘዘችኝ።

በማግስቱ ንጋት ሁሉም ሰው በቦጊ እሳት ዙሪያ ተሰብስቦ እጁን ሲያሞቅ ቆሜ «ትናንት የነገርኳችሁ ስህተት ነው። ሥራው ተጠናቋል። ሰውዬው አለ፤ የተቀመጠበትንና የረገጠበትን ነው የቀረጹለት» አልኩ። ጋሽ ኮታያ ከእኔ አፍ ስህተት የሚለውን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቁ እንጃ፤ «እልል በሉ! አስተማሪዋ ተሳሳተች!» ብለው የእኛን ምስጥ የበላው መቃን ራሳቸው አንሥተው እሳቱ ውስጥ ወረወሩት። ሰዉም እልል አለ። እንዲህ ደስ የሚል ቦጊ አላየሁም ብልህ አትታዘበኝ።

ከበዓሉ በኋላ በአምስተኛው ቀን በላክሁት ወረቀት መሠረት ከጥንት ቅርስ ቢሮ አንድ ሰው መጣ። ዲክሺቱሉ ይባላል፤ ልጅ እግር ነው፤ ግን ጠንቃቃ ነው፤ ድንጋዩን ከመንካቱ በፊት እጁን ታጠበ። በዚያን ዘመን የነበሩት ጠራቢዎች የመምህራቸውን አካል እንደማይቀርጹ፣ በመቀመጫው፣ በእግሩ፣ በዛፉ እንደሚያሳዩት ነገረን። ፈረሱ ቡድሃ ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ትቶ ከአባቱ ግቢ የወጣበት ነው። ይህን ሲናገር በርበሬ ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ «እኔማ አውቄዋለሁ! የፈረሱን ወገብ አታዩም? ጎበጥ ብሏል እኮ፤ ባዶ ፈረስ እንዲህ አይሄድም» አለች። ዲክሺቱሉ መነጽሩን አውልቆ አየው፤ ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሴቲቱ ስሟ እንዲጻፍ ስትጠይቅ እሱንም ጻፈላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ እኩለ ቀን ላይ ከበርበሬው ሲያርፉ ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ድንጋዩን ግን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡታል፤ ይከራከራሉ። የተንበረከከችው ሚስቱ ናት፣ አይደለችም፣ ጃንጥላ የያዘው እጁ ዝሏል፣ አልዛለም። እኔ ከዳር ተቀምጬ አዳምጣለሁ። እንዲህ ያለ ክፍል በሥራ ዘመኔ አልነበረኝም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ዲክሺቱሉ እንዳለው ድንጋዩ ከተገኘበት ቦታ ሳይርቅ፣ ጣሪያና ቁልፍ ባለው አየር በሚያገኝ ክፍል ከተቀመጠና የቦታው ባለቤቶች ከፈረሙ መንደራችን ውስጥ ይቀራል። ካልሆነ ከተማ ወደ መጋዘን ይሄዳል፤ እዚያ የእሱ ቢጤ አራት መቶ ድንጋዮች ቁጥር ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። ከጉብታችን ከወጡት ውስጥ ገሚሱ ኖራ ሆኗል፣ ገሚሱ መንገድ ላይ ተነጥፏል፣ የቀረው ተጭኖ ሄዷል። በመንደራችን የቀረው ይህ ብቻ ነው። ለእሱ የሚሆነው ክፍል ደግሞ የፊተኛው ክፍላችን ነው፤ አንተ ሰገነት ያለው ቤት ልትሠራበት ያሰብክበት ቦታ። ክፍሉ ከቆመ አዲሱ ቤት ወደ ኋላ ወደ ሮቃው ዛፍ አሥራ ሁለት እርምጃ መገፋት አለበት።

ቤቱ በሁለታችን ስም መሆኑን ዲክሺቱሉ ያውቃል። «ወንድምዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ተስማምቷል» አልኩት።

አዎን፣ ዋሸሁ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ሰውዬው እንደሄደ እማዬ «ልጄ በስልሳ ዓመቷ መዋሸት ጀመረች፤ ገና ስንት ነገር እናያለን» አለች። ጋሽ ኮታያ ደግሞ አጋጣሚውን አላለፉትም፤ «አየሽ! የሱባራዩዱን ጫማ በረንዳ ላይ አስቀምጠሽ በስሙ እየገዛሽ ነው። እኔ የራማ ጫማ ነው ስል ትስቂብኝ ነበር!» አሉኝ።

ውሸቴን ለማስተካከል የቻልኩትን አድርጌያለሁ። ሰገነቱን ከልጅነትህ ጀምሮ እንደምታልመው፣ ከሥራ ስትመለስ ወንዙን እያየህ መቀመጥ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ኋላ ቢገፋ ወንዙ መታየት አለመታየቱን በግምት ልነግርህ አልፈለግሁም። የማስታንን መሰላል ተውሼ ሮቃው ላይ አስደግፌ ሰገነቱ በሚደርስበት ከፍታ ልክ ወጣሁ። እማዬ ከታች «ውረጂ! ቀባሪ የለሽም እኮ፤ ወንድምሽ ኩዌት ነው!» ትላለች፤ ማስታን መሰላሉን ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። እውነቱን ልንገርህ፦ ወንዙ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ጀልባ የሚቆምበት በኩል በደንብ ይታያል፤ ፀሐይ የምትጠልቅበትን በኩል ግን የጋሽ ኮታያ የጭድ ክምር ይጋርደዋል።

ወርጄ ሳልጨርስ ጋሽ ኮታያ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ምን አየሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወደ ጭዳቸው አዩ፤ ወደ ድንጋዩም አዩ። ከዚያ «ጭዴን ወደ ጉድጓዱ በኩል አዛውራለሁ። ለሱባራዩዱ ብዬ ነው እንጂ ለአንቺ አይደለም። ግን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ወረቀት ስትለጥፉ፣ ኮታያ የሚባል ሰው የራማ ጫማ ነው እንዳለ ይጻፍልኝ» አሉ። እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ማስታንም የአዲሱን ቤት ደፍ ከአሁኑ ጠርቦ ጨርሷል፤ እማዬ ዓርብ ዕለት እርድ ቀብታው «ይኼኛው ሁለቱም ጎኑ ባዶ መሆኑን አይቻለሁ» ብላ አረጋግጣለች።

እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥልህ። ድንጋዩ እዚህ እንዲቀር እፈልጋለሁ፤ በጣም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ያንተን ሰገነት በውሸት ልወስድብህ አልፈልግም። ዲክሺቱሉ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው በመጪው ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ከዛሬ ሃያ አምስት ቀን ይቀረዋል። ይህ ደብዳቤ አንተ ዘንድ ለመድረስ አሥር ቀን፣ መልስህ እኔ ዘንድ ለመድረስ ሌላ አሥር ቀን ይወስዳል። ለማሰብ አምስት ቀን አለህ። ከሃይማቫቲ ጋር ተማከር፤ ንድፉን ዘርግታችሁ እዩት። እሺ ካልክ የስምምነቱን ቃል በጻፍኩበት በሦስተኛው ወረቀት ላይ ፈርመህ ላክልኝ። እምቢ ካልክ እምቢ ብለህ ጻፍልኝ፤ እኔ በአውቶቡስ ከተማ ሄጄ ወንድሜን ሳልጠይቅ ነው ስሙን የጠራሁት ብዬ በገዛ አፌ እናገራለሁ፤ ድንጋዩንም ራሴ በጨርቅ ጠቅልዬ አስጭነዋለሁ። አንተን አልቀየምም። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።

ለሃይማቫቲ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ጨርቅ ለእማዬ ልኳ ነው። ለስራቫንቲ፣ የራቪ ቅጠሉን ከድንጋዩ ላይ በስስ ወረቀት በእርሳስ አንሥቼላታለሁ፤ ድንጋዩን አልጎዳሁትም፣ ዲክሺቱሉን አስፈቅጃለሁ። ሙራሊን የፈረሱን ንድፍ አሳይተህ ወገቡ ለምን እንደጎበጠ ጠይቀው፤ መልሱን አትንገረው፤ የመለሰውን ጻፍልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ትስማለች፤ አንተንም ጉልበትህን በሰሊጥ ዘይት እሸው ብላሃለች። ማስታን ሰላም ብሎሃል። ጋሽ ኮታያም ሰላም ብለውሃል፤ ስለ ጫማው የምታስበውን ለይተህ እንድትጽፍላቸው ይፈልጋሉ።

ወንድሜ፣ እሺም ሆነ እምቢ፣ ይህን ባነበብክ በአምስተኛው ቀን መልስህን ፖስታ ቤት አድርስልኝ።

እህትህ ናጋረትናም

ናንዲሬቩ፣ ከሳንክራንቲ በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ
እ.አ.አ. 1984